ዝምታቸው ምን ይለካል? ስለ ቴሌኮም ሠራተኞች ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የቴሌኮም ሠራተኞች በሙያዊ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ዝምተኞች ናቸው የሚል አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በሰፊው ሲጋራ ሰንብቷል። ከሥሩ የተሰጡት የድጋፍ አስተያየቶች ጽሑፉ የብዙ ሥራ አስኪያጆችን ስሜት እንደ ነካ ያሳያሉ። ጸሐፊው ነገሩን ሳያስብበት የጻፈ ሰው አይመስልም፤ አቀራረቡ ግልጽ ነው፣ ያነሣው ጉዳይም መነሣት ያለበት ነው። ይሁን እንጂ ከትክክለኛ ትዝብት ተነሥቶ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ደርሷል፣ ከመደምደሚያው የባሰ መፍትሔም አዝዟል ብዬ ስለማምን ይህን ምላሽ ጽፌያለሁ።

በቅድሚያ የጽሑፉን ሐሳብ፣ ጸሐፊው ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» በሚልበት መልክ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የቴሌኮም ሠራተኞች እንደ ሊንክድኢን ባሉ ገጾች ላይ የሚያጋሩት ነገር ከሶፍትዌር፣ ከማማከርና ከፋይናንስ ዘርፍ ሠራተኞች ያነሰ ነው ይላል፤ ለዚህም ለሁሉም ክፍት የሆኑ መገለጫዎችን ተመልክቶ ያደረገውን ቆጠራ ያቀርባል። ሁለተኛ፣ ይህ ዝምታ ሠራተኛው ለድርጅቱ ያለው ስሜት መቀዝቀዙን እንደሚያሳይ፣ ምንጩም ዘርፉ ከመንግሥት ሞኖፖሊ ዘመን የወረሰው የቢሮክራሲ ባህል እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛ፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ሕግ የሚነገረው ሰበብ ነው፤ ባንኮችም ጥብቅ ቁጥጥር አለባቸው፣ ሠራተኞቻቸው ግን ይጽፋሉ ሲል ይሞግታል። አራተኛ፣ ሰው ከድርጅት ዓርማ ይልቅ ሰውን ስለሚያምን ዝምታው ኩባንያዎቹን ደንበኛና ጥሩ ባለሙያ እያሳጣቸው ነው ይላል። በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሳምንታዊ የማጋራት ኮታ እንዲመደብ፣ የግብይት ክፍሉ ዝግጁ ጽሑፎችን እንዲልክ፣ የተሳትፎ ደረጃ ሰንጠረዥ እንዲወጣና ውጤቱ ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር እንዲያያዝ ይመክራል።

ስለ ቆጠራው

የቴሌኮም ሰዎች በእነዚህ ገጾች ላይ ቁጥብ ናቸው የሚለው ትዝብት በጥቅሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። በዘርፉ የሚሠራ ማንኛውም ሰው የባልደረቦቹን ገጽ ከፍቶ ቢያይ፣ ከዓመታት በፊት የተለጠፈ የሥራ ለውጥ ማስታወቂያ ብቻ የሚታይባቸው ብዙ መገለጫዎች ያጋጥሙታል። ጥያቄው የተነጻጸሩት ከማን ጋር ነው የሚለው ነው። የማማከር ድርጅት ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተር ፊት የሚውል፣ ደንበኛ የማምጣት ኃላፊነትም ያለበት ሰው ስለሆነ፣ መጻፍና መታየት ለእርሱ የእንጀራው አካል ነው። የቴሌኮም ኩባንያ ግን የጥሪ ማዕከል ሠራተኞችን፣ ሱቅ ውስጥ ሲም ካርድ የሚሸጡትን፣ ታወር ላይ የሚወጡ ቴክኒሻኖችን፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው የተቆረጠ ፋይበር የሚቀጥሉትን፣ የኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከል ውስጥ ሌሊቱን በፈረቃ ስክሪን የሚጠብቁትን ሁሉ ያቀፈ ነው። እነዚህን ሁለት ዓይነት ድርጅቶች በጅምላ አማካይ ማወዳደር፣ የሆስፒታል ሠራተኞችን ከጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ባልደረቦች ጋር አነጻጽሮ ሐኪሞች ጽሑፍ ይጠላሉ ብሎ እንደ መደምደም ነው። ፍትሐዊ የሚሆነው የቴሌኮሙን የሽያጭ ባለሙያ ከሶፍትዌሩ የሽያጭ ባለሙያ ጋር፣ የኔትወርክ መሐንዲሱን ደግሞ ለምሳሌ ከኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ መሐንዲስ ጋር ማነጻጸር ነው። ጽሑፉ ይህን አላደረገም።

«የቴሌኮም ሠራተኛ» የሚባለው ማን እንደሆነ መለየትም ጸሐፊው እንዳሰበው ቀላል አይደለም። በሊንክድኢን ላይ ቀጣሪውን የሚያስመዘግበው ባለ መገለጫው ራሱ ነው፤ ድርጅቱ በየትኛው ዘርፍ እንደሚመደብ የሚመርጠውም የድርጅቱን ገጽ የሚያስተዳድረው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ ስፕሪንት የኔትወርኩን የዕለት ተዕለት ሥራ ለመሣሪያ አምራቹ ኤሪክሰን በውል ሲሰጥ፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ቀጣሪያቸው ተቀየረ፤ የሚጠብቁት ኔትወርክ ግን ያው ነበር። ታወሩን ለአንድ ኩባንያ፣ የመስክ ጥገናውን ለሌላ፣ የጥሪ ማዕከሉን ለሦስተኛ ድርጅት መስጠት ዛሬ በዘርፉ የተለመደ አሠራር ነው። በዚህም የተነሣ በአንድ ኔትወርክ ላይ ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱ በቴሌኮም፣ ሌላው በመሣሪያ አምራች ወይም በሰው ኃይል አቅራቢ ሥር ይቆጠራሉ። ወደ ሌላ ድርጅት ከተሸጋገሩት መካከል ጽሑፍ የሚያዘወትሩ ካሉ፣ የእነርሱ ተሳትፎ ለቴሌኮሙ አይታሰብለትም።

አማካይ የሚባለው ነገር በራሱ ችግር አለበት። የድረ ገጽ አጠቃቀም ተመራማሪው ጄኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኦንላይን ማኅበረሰቦች ውስጥ ከ100 ተጠቃሚ 90ው አንባቢ ብቻ፣ 9ኙ አልፎ አልፎ የሚሳተፍ፣ አንዱ ደግሞ አብዛኛውን ይዘት የሚያወጣ መሆኑን እንደ ጥቅል ደንብ አስቀምጧል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ቅርጹ ያው ነው፦ ብዙኃኑ ያነባል፣ ጥቂቱ ይጽፋል። እንዲህ ባለ ሥርጭት ውስጥ በየቀኑ የሚለጥፉ ጥቂት ሰዎች የአንድን ኩባንያ አማካይ ወደ ላይ ሊሰቅሉት ይችላሉ፤ የእነርሱ መኖር ወይም አለመኖር ግን ስለ ቀሩት በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች የሚነግረን ነገር የለም። ሠራተኞች ባጋሩት መጠን ተደርድረው መካከል ላይ የሚገኘው ሰው ቢታይ፣ በየትኛውም ዘርፍ ቢሆን ቁጥሩ ዜሮ ወይም ዜሮን የተጠጋ ቢሆን አይደንቀኝም። ያ ከሆነ ደግሞ በዘርፎች መካከል የታየው ልዩነት የጥቂት ደፋሮች ብዛት ልዩነት እንጂ የሠራተኛ ባህል ልዩነት አይሆንም።

የማይታየውን ማጋራትም ቆጠራው አያገኘውም። ጋዜጠኛው አሌክሲስ ማድሪጋል እ.ኤ.አ. በ2012 «ዳርክ ሶሻል» ብሎ የሰየመው ነገር ይኸው ነው፤ ሰዎች በኢሜይልና በግል መልእክት የሚላላኩትን ከውጭ ሆኖ መቁጠር አይቻልም። አንድ የትራንስሚሽን መሐንዲስ ስለ አዲስ መሣሪያ ጥሩ ጽሑፍ ሲያገኝ ለሁሉም ከመለጠፍ ይልቅ ለቡድኑ በግል ይልከዋል፤ ላይክ እንኳ ሳያደርግ። ሊንክድኢን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መሐንዲሶቹ ባወጡት ማብራሪያ፣ ላይክና አስተያየት ብርቅ ምልክቶች በመሆናቸው አንባቢ አንድ ጽሑፍ ላይ የሚቆይበትን ጊዜም ከግምት ማስገባት እንደ ጀመረ ገልጿል። የገጹ ባለቤት ዝምተኛውን አንባቢ ተሳታፊ ብሎ ከቆጠረው፣ ከእርሱ የበለጠ መጨከን ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ አይደለም።

ስለ ዝምታና ስለ ታማኝነት

እዚህ ላይ ልዩነታችን ይሰፋል። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልቀበል፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ቴሌኮሞች ከመንግሥት እጅ የወጡ ናቸው። የብሪታንያው ቢቲ ወደ ግል የተዛወረው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ዶይቸ ቴሌኮም አክሲዮኑን ለሕዝብ የሸጠው በ1996 ነው። ከኩባንያው በር የሚወጣ ቃል ሁሉ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል በኩል ብቻ እንዲያልፍ የሚያዝ ልማድ በእንዲህ ዓይነት ድርጅቶች ውስጥ ሥር መስደዱ አይካድም። ይሁንና ምክንያቱ ይህ ውርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ከጅምሩ በግል ባለሀብት የተቋቋሙ የሞባይል ኩባንያዎች ሠራተኞች በገጾቹ ላይ ደምቀው በታዩ ነበር። ጸሐፊው ሁለቱን ለይቶ አላየም፤ ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከትቶ ነው የቆጠረው።

ዋናው ክርክር ግን የጻፈ ይወዳል፣ ዝም ያለ ቀዝቅዟል የሚለው ነው። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ ሲከፈት የቆመበት መሠረት የሥራ ታሪክና የሙያ ትውውቅ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው ገጹን የሚያጸዳው፣ ፎቶውን የሚቀይረው፣ ሳይታሰብ አስተያየት መስጠት የሚጀምረው ሌላ ሥራ መፈለግ ሲጀምር ነው። የቅጥር ባለሙያዎች ይህን ምልክት አሳምረው ያውቁታል። እንቅስቃሴን የታማኝነት መለኪያ ካደረግነው እንግዲህ ከሁሉ ታማኝ ሆኖ የሚገኘው ሻንጣውን ያዘጋጀው ሠራተኛ ሊሆን ነው። ጸሐፊው በአድናቆት የጠቀሰው የሊንክድኢን «ሶሻል ሴሊንግ ኢንዴክስ»ም (የማኅበራዊ ሽያጭ መለኪያ) ስያሜው እንደሚናገረው የተሠራው ለሽያጭ ነው፤ ከ100 የሚሰጠው ነጥብ በአራት እኩል ክፍሎች ተከፍሎ አንድ ሻጭ ራሱን እንዴት እንደሚያስተዋውቅ፣ ሰዎችን እንዴት እንደሚያገኝና እንዴት እንደሚቀርባቸው ይመዝናል። የሰው ልብ የሚመዘንበት አይደለም፤ የማዕከላዊ ኔትወርክ መሐንዲስም በዚህ ሚዛን ቢቀልል ነውር የለውም።

የዘርፉን ሠራተኛ ዝም የሚያሰኝ፣ ጽሑፉ ግን ጨርሶ ያልጠቀሰው ሌላ ነገር አለ፦ የሚመጣው መልስ። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ስለ ድርጅቱ መልካም ነገር ቢጽፍ የሙያ ጓደኞቹ እንኳን ደስ አለህ ይሉታል። አንድ የቴሌኮም ሠራተኛ ስለ አዲስ የኔትወርክ ማስፋፊያ ቢጽፍ ግን ከሥሩ የሚሰለፈው አቤቱታ ነው፤ የእኔ ሰፈር መቼ ነው፣ ኢንተርኔቴ ከተቋረጠ ሰነበተ፣ ያልተጠቀምኩበት ሂሳብ ተቆርጦብኛል፣ ስልክ ብደውል የሚያነሣ የለም። ደንበኛው አልተሳሳተም፤ የኩባንያውን ሰው አግኝቷል፣ ችግሩን ይናገራል። የለጠፈው ሰው ግን የሒሳብ ሠራተኛ ወይም የታወር ቴክኒሻን ሊሆን ይችላል፤ የደንበኛውን መዝገብ የማየት ሥልጣንም ሆነ መፍትሔ የመስጠት ኃላፊነት የለውም፤ ዝም ቢል ንቀት፣ ቢመልስ ሥልጣን መተላለፍ ይሆንበታል። ይህ አንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ሁለተኛ ሳይለጥፍ ቢቀር ድርጅቱን ስላልወደደ ነው ማለት ምን ያህል ፍትሐዊ ነው?

አገልግሎት ሲቋረጥ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2022 የካናዳው ሮጀርስ ኔትወርክ በማሻሻያ ሥራ ላይ በተፈጠረ የማዋቀር ስሕተት ምክንያት ሲወድቅ ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ። መሐንዲሶቹ እርስ በርስ ይገናኙ የነበረው በዚያው በወደቀው ኔትወርክ ስለነበር፣ መሣሪያዎቹን ከርቀት ማግኘት ቀርቶ መደዋወል እንኳ ተቸግረው ነበር። በዚያች ቀንና ሌሊት ሠራተኞቹ ለድርጅታቸው ያላቸው ተቆርቋሪነት የተገለጠው በየመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ በየትኛውም ማኅበራዊ ገጽ ላይ አልተመዘገበም። በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር 8 ቀን የአውስትራሊያው ኦፕተስ አገልግሎት ሲቋረጥም 10 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ተጎድተዋል፤ የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚም በቀናት ውስጥ ሥራቸውን ለቀዋል። ጽሑፉ የሚመክረው ኮታ እንዲህ ባለ ማለዳ ምን እንደሚያደርግ አንባቢ ራሱ ያስበው፦ ደንበኛው የድንገተኛ አደጋ ቁጥር መደወል አቅቶት ሳለ፣ በሌላ ሰው ስልክ ሊንክድኢንን ሲከፍት የኩባንያው ሠራተኞች አስቀድሞ የተዘጋጀ «የትም ቦታ ከእርስዎ ጋር ነን» የሚል ማስታወቂያ በሰልፍ ሲያጋሩ ያገኛቸዋል።

ደኅንነት ሰበብ ነውን?

የጽሑፉ ደካማ ክፍል ይህ ነው። የቴሌኮም ሠራተኛ በሙያዊ ገጽ ላይ መታየቱ የሚያስከትለው አደጋ በግምት የሚነገር ሳይሆን የተመዘገበ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካን የስለላ ምስጢር ያጋለጠው ኤድዋርድ ስኖውደን ካወጣቸው ሰነዶች በመነሣት ዴር ሽፒገል የተባለው የጀርመን መጽሔት እንደ ዘገበው፣ ጂሲኤችኪው የተባለው የብሪታንያ የስለላ ተቋም የቤልጂየሙን የቴሌኮም ኩባንያ ቤልጋኮምን ሰብሮ የገባው በመሐንዲሶቹ ኮምፒውተሮች በኩል ነው፤ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱም መሐንዲሶቹ የሊንክድኢን ገጽ ሲከፍቱ በእውነተኛው ምትክ የተመሳሰለ ገጽ እንዲደርሳቸው ማድረግ ነበር። ዒላማ የሆኑት ትልቅ ሥልጣን ስላላቸው አይደለም፤ ቢክስ የተባለው የኩባንያው ንዑስ ድርጅት ወደሚያስተዳድረው የዓለም አቀፍ ሮሚንግ (ደንበኛ በውጭ አገር ሳለ በሌላ ኩባንያ ኔትወርክ የሚጠቀምበት) ሥርዓት ለመግባት ቁልፉ በእጃቸው ስለነበር ነው። እኔ የሮሚንግ ሥርዓት አስተዳዳሪ ነኝ፣ በዚህ አምራች መሣሪያ ላይ እሠራለሁ፣ ትናንት ወደ አዲሱ ስሪት አሸጋግረነዋል ብሎ በኩራት የሚለጥፍ ሠራተኛ ለእንዲህ ዓይነቱ አጥቂ የሚፈልገውን ግማሽ ሥራ ሠርቶለታል ማለት ነው።

አጥቂው ደግሞ የግድ መንግሥት መሆን የለበትም። የሰውን ስልክ ቁጥር ወደ ሌላ ሲም ካርድ አዛውሮ የባንክ ሒሳቡን የሚዘርፍ ወንጀለኛ የሚፈልገው ሲም የመቀየር መብት ያለውን የሱቅ ወይም የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ጸደይ በአሜሪካ የትልልቅ ኦፕሬተሮች ሠራተኞች ለአንድ የሲም ቅየራ 300 ዶላር እንከፍላለን የሚል የጽሑፍ መልእክት በግል ስልካቸው እንደ ደረሳቸው በዜና ተዘግቧል። ስሙን፣ ፎቶውንና የሥራ መደቡን ለጥፎ በየሳምንቱ እንዲታይ የተገደደ የሱቅ ሠራተኛ ለእነዚህ ሰዎች አድራሻው ተጽፎ እንደ ተሰጣቸው ይቆጠራል። ፎቶግራፍስ? በመሣሪያ ክፍል ውስጥ የተነሣ የደስታ ፎቶ ከጀርባው የመሣሪያውን ሞዴል፣ የኬብሉን መለያ ጽሑፍ፣ አንዳንዴም በደረት ላይ የተንጠለጠለውን የመግቢያ ካርድ ንድፍ ያሳያል።

የባንኮቹ ንጽጽርም አያዋጣም። በብዛት የሚጽፉት የባንክ ሰዎች የግብይት፣ የሰው ኃይልና የደንበኞች ግንኙነት ባለሙያዎች ናቸው፤ የባንኩን ማዕከላዊ ሥርዓት የሚያስተዳድረው ሰው ስለ ሥራው ሲጽፍ ማየት ጸሐፊውንም የሚያስደነግጠው ይመስለኛል።

ሕጉንም በተመለከተ ነገሩ እንዲሁ በእጅ መጥረጊያ የሚጠረግ አይደለም። በአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን ስፔክትረም (የሬዲዮ ሞገድ የመጠቀም ፈቃድ) በጨረታ ሲሸጥ፣ ተጫራቾች ማመልከቻ ከሚዘጋበት ቀን ጀምሮ አሸናፊዎች ቅድሚያ ክፍያ እስከሚፈጽሙበት ቀን ድረስ ስለ ጨረታ ስልታቸው እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ይከለከላሉ፤ ለሕዝብ የተነገረ ቃልም ለተፎካካሪ ከደረሰ መተላለፍ ሊሆን ይችላል። አንድ የራዲዮ ዕቅድ መሐንዲስ በዚያ ወቅት የትኛው ፍሪኩዌንሲ ለኩባንያው ቢደርስ እንደሚሻል በየዋህነት ቢጽፍ ኩባንያውን ችግር ላይ ሊጥለው ይችላል። ባንክም ሆነ አማካሪ ድርጅት ይህን የመሰለ የዝምታ ወቅት የላቸውም ባልልም፣ የቴሌኮሙ ግን ብዙ የቴክኒክ ሰዎችን የሚነካ ነው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው ሳልሸሽግ የምሰጠው ነጥብ አለ። ብዙ ኩባንያዎች «ደኅንነት» የሚለውን ቃል እንደ ብርድ ልብስ ሁሉን ይሸፍኑበታል። ዝናብ ሲበረታ ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠራ የማይክሮዌቭ ግንኙነት ለምን እንደሚዳከም፣ በ3.5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ አምስተኛ ትውልድ ኔትወርክ በ700 ሜጋኸርዝ ከሚሠራው ይልቅ ለምን ብዙ ጣቢያ እንደሚፈልግ ማስረዳት የማንንም ምስጢር አያወጣም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2022 የቶንጋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የባሕር ውስጥ ኬብሉ ተበጣጥሶ፣ ዋናው ደሴት ዓለም አቀፍ የኬብል ግንኙነቱን መልሶ ያገኘው አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነበር። ኬብል እንዴት ከባሕር ወለል እንደሚሳብና እንደሚቀጠል፣ ጥገናው ለምን እንዲህ ጊዜ እንደሚወስድ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት የሚችሉ ብዙ የቴሌኮም መሐንዲሶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ፈቃድ መጠየቁ ከመጻፉ ስለሚከብድ ዝም ያሉ ይመስለኛል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን አባባል ለእንዲህ ዓይነቱ ዝምታ መከላከያ አላደርገውም።

ስለ ደንበኛና ስለ ባለሙያ

አራተኛው ነጥብ በከፊል ትክክል ነው። ሰው የድርጅት ዓርማን ከማመን ይልቅ የሚያውቀውን ባለሙያ ያምናል፤ ለድርጅቶች መስመር ወይም የዳታ ማዕከል አገልግሎት የሚሸጥ ባለሙያ በሊንክድኢን ላይ መገኘቱ ይጠቅመዋል፣ ሥራ ፈላጊ ወጣት መሐንዲስም የወደፊት ባልደረቦቹ ምን እንደሚሠሩ ማየት ይወዳል። ነገር ግን የቴሌኮም ገቢ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከተራው ተጠቃሚ ነው፤ እርሱ ደግሞ ኦፕሬተር የሚመርጠው ቤቱ ውስጥ ኔትወርክ መኖሩን፣ ዋጋውንና ጓደኞቹ የሚጠቀሙበትን መስመር አይቶ ነው። ባለሙያን ለመሳብም ቢሆን ቦታው አንድ ብቻ አይደለም። የሞባይል ደረጃዎችን የሚያወጣው ስሪጂፒፒ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1998፣ የኢንተርኔት ደረጃዎች የሚወጡበት አይኢቲኤፍ በ1986 ነው፤ በሁለቱም ቦታ የቴሌኮም መሐንዲሶች የቴክኒክ ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያቀርባሉ፣ በተፎካካሪዎቻቸው ፊት ይሟገቱበታል፣ ሰነዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ዕውቀት ማጋራት ማለት የግብይት ክፍልን ምስል መልሶ መለጠፍ ብቻ ካልሆነ በቀር፣ ይህን ሁሉ የሚጽፍ ዘርፍ ዝምተኛ ሊባል አይችልም።

ስለ ኮታው

ወደ መፍትሔው እንምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፣ ምክንያቱም የተሳሳተ ትንታኔ ተነብቦ ይረሳል፣ የተሳሳተ መመሪያ ግን በሚቀጥለው ሩብ ዓመት የሥራ ምዘና ቅጽ ላይ ይታተማል።

እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ቻርልስ ጉድኸርት ያቀረቡት፣ በኋላም በስማቸው የተጠራው ሐሳብ፣ አንድ መለኪያ ግብ ተደርጎ ሲያዝ መለኪያነቱን ያጣል ይላል። ማጋራት በራሱ ፈቃድ ሲደረግ ስለ ሠራተኛው የሆነ ነገር ይነግረን ነበር፤ ከምዘና ጋር ሲታሰር ግን የሚነግረን ሠራተኛው ምዘናውን መፍራቱን ብቻ ነው። ዝግጁ ጽሑፍ ሲታከልበት ደግሞ ነገሩ «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» ይሆናል፤ አንድ ዓይነት ቃል፣ አንድ ዓይነት ምስል፣ በአንድ ማለዳ፣ በመቶ ሰው ስም። አራተኛው ነጥብ የቆመው ሰው ሰውን ያምናል በሚለው ላይ አልነበረምን? ሠራተኛውን የዓርማው ድምፅ ማጉያ ሲያደርጉት ያ እምነት ይሸረሸራል፤ ጸሐፊው በአራተኛው ነጥብ የሠራውን በአምስተኛው ያፈርሰዋል።

የሕግ ጎንም አለው። የአሜሪካ ፌዴራል ትሬድ ኮሚሽን የምስክርነት መመሪያ፣ አንድ ሠራተኛ የቀጣሪውን ምርት ሲያሞግስ የቅጥር ግንኙነቱን በግልጽ እንዲናገር ይጠይቃል፤ በመገለጫው ላይ መጻፉ ብቻ አንባቢው ላያየው ስለሚችል በጽሑፉ ውስጥ እንዲጠቀስ ይመክራል። የግብይት ክፍሎች የሚልኳቸው ዝግጁ ጽሑፎች ውስጥ «እዚህ ድርጅት ተቀጣሪ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ታይቷል?

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ በብዙ ቦታ እያንዳንዱ ጥሪ የወሰደበት ደቂቃ፣ ከወንበሩ የተነሣበት ጊዜ ሳይቀር የሚቆጠርበት ሰው ነው። በሥራ ሰዓት እንዲለጥፍ ቢታዘዝ የጥሪ መለኪያው ይወድቅበታል፣ ከሥራ በኋላ ቢታዘዝ ደግሞ ያልተከፈለበት ሥራ ነው። የሚለጥፍበት ገጽም የራሱ ነው፤ ድርጅቱን ሲለቅ አብሮት የሚሄድ፣ ቀጣዩ ቀጣሪ የሚያነብበት የግል መዝገቡ ነው። የሙያ ስሙን በየሳምንቱ ለማስታወቂያ እንዲያውስ ማስገደድ የቅጥር ውሉ ከሚያዘው በላይ መጠየቅ ይመስለኛል።

ሊንክድኢን ራሱ በዚህ መንገድ ተራምዶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው የሚጋራ ይዘት የሚያቀርቡበት «ኤሌቬት» የተባለ ራሱን የቻለ የሚከፈልበት አገልግሎት አወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ለብቻው መሸጡን አቁሞ ከፊሉን ወደ መደበኛው የድርጅት ገጽ ቀላቀለው። ይህ የሠራተኛ ማጋራት ከንቱ ነው ለማለት አያበቃም፤ የተዘጋጀ ይዘት በመሣሪያ በብዛት ማሠራጨት ጸሐፊው እንደሚያስበው የተረጋገጠ መንገድ አለመሆኑን ግን ያሳያል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚከለከለውን በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት በቂ ነው፦ በመካሄድ ላይ ያለ የአገልግሎት መቋረጥ፣ የመሣሪያ ክፍሎችና የጣቢያዎች ትክክለኛ ቦታ፣ የደንበኛ መረጃ፣ የአቅራቢዎች ውልና የመሣሪያ ስሪት፣ የጨረታ ጉዳይ። ከዚህ ውጭ ያለው ያለ ሦስት ፊርማ የተፈቀደ ይሁን። መጻፍ ለሚፈልጉት ጥቂቶች በሥራ ሰዓት ጊዜ ይሰጣቸው፣ ለማይፈልጉት ዝምታቸው በምዘና ላይ አይቆጠርባቸው። ሠራተኛው ጽሑፍ ሥር የደንበኛ አቤቱታ ሲመጣ የሚረከበው የደንበኞች አገልግሎት ባልደረባ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ሠራተኛው አንድ ጊዜ አስተላልፎ ከነገሩ የሚወጣበት መንገድ ካልተበጀለት ማንም አይጽፍም። አገልግሎት ሲቋረጥም አስቀድሞ የተያዘለት ማስታወቂያ ሁሉ ወዲያው የሚቆምበት አንድ ቁልፍና ቁልፉን የሚጫን አንድ ኃላፊ ይኑር።

ጸሐፊው ቆጠራውን በሥራ መደብ ከፋፍሎ፣ በኮንትራት የሚሠሩትን ለይቶ፣ ከአማካዩ ጎን መካከለኛውን ቁጥር አስቀምጦ እንደገና ቢያወጣው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ የጻፍኩትን መለስ ብዬ ለማየት ፈቃደኛ ነኝ። ኮታውን በተመለከተ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሐሳቤን የሚቀይር ምክንያት በጽሑፉ ውስጥ አላገኘሁም።